ሊሄዱ ሲሉ አማረባቸው

ልጄ የተወለደችው ዋሺንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ባለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ምጡ ረዘመ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አማቴ «አንተ እዚህ ቆመህ የምትጨምረው ነገር የለም፤ ወጣ ብለህ ተንፈስ በል» አሉኝ። ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እህታቸውን ታምማባቸው ይዘው መጥተው ነው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከወረቀት ከረጢት ኦቾሎኒ እያወጡ ይፈለፍላሉ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ከረጢቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝና «የት እንደተቀመጥክ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ሆስፒታል» አልኳቸው።

«እሱማ አሁን ነው። ልጅ ሆኜ ቢሆን ሁለተኛ ቤዝ አካባቢ ነበርክ።»

በልቤ «እኚህ ሰውዬ ታማሚው ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም» አልኩ። (ሁላችንም በእንግሊዝኛ «ዩ» እንባባላለን፤ እዚህ ግን አፌ እምቢ ስላለኝ «አባባ» እያልኩ ነው የምጽፋቸው።) አባባ ግን በጣም ጤነኛ ነበሩ። ሆስፒታሉ ያለበት ቦታ ላይ ድሮ ግሪፍዝ ስታዲየም የሚባል የቤዝቦል ሜዳ ነበር። ሜዳው በ1965 ፈረሰ፤ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። ሆም ፕሌት፣ ማለትም መቺው የሚቆምበት ነጥብ፣ የነበረበት ቦታ ዛሬም ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት አለው። እኔ እዚያ ሰፈር ስንት ዓመት ታክሲ ስነዳ፣ ስንቱን በሽተኛና ስንቱን ነርስ በሩ ላይ ሳወርድ፣ አንድም ቀን አልሰማሁም።

ሌሊቱን ሙሉ ያወሩኝ ስለ አንድ ዓመት ነው። ስለ 1960። በእኛ አቆጣጠር 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ 53 ይገባል። ከዚህ በኋላ በፈረንጁ እቀጥላለሁ፣ አለበለዚያ እኔም እናንተም እንደናገራለን።

እውነቱን ልናገር፣ ስለ ቤዝቦል የማውቀው ነገር አልነበረም። እኔ ያደግኩት በጨርቅ ኳስ ነው። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ጣቢያ እቀይር ነበር። አባባ ሊያስረዱኝ ሲሞክሩ የገባኝ በገና ጨዋታ በኩል ነው። ዱላ አለ፣ ትንሽ ድፍን ኳስ አለ። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። መትቶ ቤዝ በሚባሉት ማዕዘኖች በኩል አራት ማዕዘን ዙሪያውን ሮጦ ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ኳሱን ከአጥሩ ባሻገር ከላከው ሆም ራን ይባላል፤ እየተንጎራደደ ይዞራል። ሦስት ሰው ከወጣበት ተራው ለባላጋራው ያልፋል። እንዲህ ዘጠኝ ጊዜ ይቀባበላሉ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ቡድኑ ዋሺንግተን ሴናተርስ ይባል ነበር። ዋናው ሥራቸው መሸነፍ ነው። የአገሪቱን መሥራች ጆርጅ ዋሺንግተንን ለማወደስ «በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ» ይባል የለ? ቀልደኞች ከተማዋን «በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ፣ በአሜሪካን ሊግ መጨረሻ» ይሏት ነበር። ያኔ በሊጉ ስምንት ቡድን ነው ያለው፤ እያንዳንዱ በዓመት 154 ጨዋታ ይጫወታል። ሴናተርስ በ1955 ስምንተኛ ወጡ። በ1956 ሰባተኛ። በ57፣ በ58፣ በ59 ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ። በ1957 ብቻ 99 ጊዜ ተሸንፈዋል። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ ሰዎች የእኛን ብሔራዊ ቡድን ደጋፊ ሆነው አያውቁም ማለት ነው። እኔ አልሳቅኩም።

አባባ በ1960 የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቤታቸው ከስታዲየሙ ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ ነው። መስኮት ሲከፈት የሰው ጩኸት ይገባል፤ «የማን ጩኸት እንደሆነ እናቴ እንኳ ታውቅ ነበር» አሉኝ። የኒውዮርክ ያንኪስ ሲመጡ ጩኸቱ ይበዛል። ምክንያቱም ግማሹ ተመልካች ያንኪስን ሊያይ የመጣ ነው።

ስለ ሜዳው ያወሩኝ ነገር ከሁሉ በላይ አእምሮዬ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። የመሀል ሜዳው አጥር ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ለምን? ከኋላው አምስት ቤቶችና አንድ ትልቅ ዛፍ አሉ። ሜዳው ሲሠራ ባለቤቶቹ አንሸጥም አሉ። ስለዚህ አጥሩ ዞሯቸው ሄደ። በዓለም ያለ ባለሀብት ሁሉ ጠበቃ ይዞ ከሚመጣበት ነገር ጋር አምስት ቤትና አንድ ዛፍ ግብግብ ገጥመው አሸነፉ። ቤዝቦል ሜዳ ላይ አጥሩ የትም ሊሆን ይችላል፤ እንደ እግር ኳስ ሜዳ በልክ የተቆረጠ አይደለም። እዚያ ሰፈር ለዐሥርት ዓመታት ኳስ ሲጫወት የኖረ ሰው ሁሉ የነዚያን ባለቤቶች እምቢታ እየዞረ ነው የሮጠው። ቅርንጫፎቹ ከአጥሩ በላይ ይታያሉ።

ሌላም ነገር አለ፣ ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። በ1940ዎቹ እዚያው ሜዳ ላይ ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባል የጥቁሮች ቡድን ይጫወት ነበር። ያኔ ጥቁርና ነጭ በአንድ ሊግ አይጫወቱም። ጆሽ ጊብሰን የሚባል ካቸር፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች፣ ነበራቸው፤ ኳስ ሲመታ አገር ይሰማ ነበር የሚባልለት። የስታዲየሙና የሴናተርስ ባለቤት ሽማግሌው ክላርክ ግሪፍዝ ከግሬይስ ኪራይ ይሰበስባሉ። ሜዳቸው ላይ የዘመኑ ኃይለኛ መቺ በነፃ እየታያቸው፣ የራሳቸው ቡድን መጨረሻ እየወጣ፣ አንድም ጥቁር አላስፈረሙም። ጊብሰን በጥር 1947 በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞተ። የነጮቹን ሊግ በር ለጥቁሮች የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን የተሰለፈው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ነው። ሴናተርስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ኩባዊውን ካርሎስ ፓውላን ያሰለፉት በመስከረም 1954 ነበር። «አባቴ ለግሬይስ ገንዘብ ከፍሎ ይገባ ነበር፤ ለሴናተርስ ግን እኔን ነበር የሚልከኝ» አሉ አባባ። አባት ነገሩ ገብቶታል። ልጅ ግን ልጅ ነው።

እንግዲህ 1960። የወቅቱ መክፈቻ ሚያዝያ 18 ቀን ነበር፣ ሰኞ። በኋላ ቤቴ ገብቼ ቀን ስቆጥር በዚያ ዓመት የእኛም የእነሱም ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ፤ ሚያዝያ 17 እሑድ። ስለዚህ ጨዋታው የተጀመረው የፋሲካ ማግስት ነው። እኛ ቤት ሰው ዶሮውን በልቶ ተዘርሮ በሚውልበት ቀን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ግሪፍዝ ስታዲየም ተገኝተው የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወሩ። ይህ ልማድ የተጀመረው እዚያው ቦታ ላይ በ1910 በፕሬዚዳንት ታፍት ነው። ዋሺንግተን ውስጥ ቡድኑ ቢሸነፍም ፕሬዚዳንት አይቀርበትም።

የዚያን ቀን ወርዋሪው ካሚሎ ፓስኩዋል ነበር። የሃቫና ልጅ። ይህን ሰው መውደድ የጀመርኩት ቁጥሮቹን ሳይ ነው፤ በቤዝቦል ድሉም ሽንፈቱም በወርዋሪው ስም ይመዘገባል። በ1955 ሁለት አሸንፎ ዐሥራ ሁለት ተሸነፈ። በ56 ስድስት አሸንፎ ዐሥራ ስምንት ተሸነፈ። በ57 ስምንትና ዐሥራ ሰባት። ሌላ ሰው ቢሆን «ይቅርብኝ፣ ሱቅ ልክፈት» ይላል። እሱ ግን ኳሱን የሚያጥፍበትን እጅ እያሾለ ቆየ። በ1959 ዐሥራ ሰባት አሸነፈ። በዚያ የመክፈቻ ቀን ደግሞ ከቦስተን ሬድ ሶክስ ዐሥራ አምስት ሰዎችን ዱላቸውን በባዶ አየር አስወንጭፎ ላካቸው። ውጤቱ 10 ለ 1። የቦስተኗን አንዷን ነጥብ ያመጣው የአርባ አንድ ዓመቱ ቴድ ዊሊያምስ ነው፤ የመጨረሻ ወቅቱ ነበር፣ ገና የመጀመሪያ ተራው ላይ ሆም ራን መታ። አባባ ይህን ሲነግሩኝ የፓስኩዋልን አወራወር በእጃቸው ሊያሳዩኝ ሞከሩ። ኦቾሎኒዋን በሁለት ጣታቸው መሀል ይዘው፣ አንጓቸውን ወደ ታች ሰበር አደረጉ። «ደረትህ ላይ የሚመጣ መስሎህ ትሸሻለህ፤ እሷ ጉልበትህ ጋ ታልፋለች።» ኦቾሎኒዋ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ጎንበስ ብለው አነሷት።

ኩባውያኑ ብዙ ነበሩ። ጆ ካምብሪያ የሚባል የቡድኑ ተጫዋች ፈላጊ ሃቫና ተቀምጦ ወጣቶችን ይልካል። ምክንያቱ ፍቅር አይደለም፣ ርካሽ ስለነበሩ ነው። ግን ከዚህ ቁጠባ አንድ የሚያምር ነገር ወጣ። ሐምሌ 23 ቀን 1960 የካንሳስ ሲቲ ቡድን መጥቶ ሲጫወት፣ ዋይቲ ኸርዞግ የሚባል መቺ ኳሷን ቀጥታ ወደ ወርዋሪው መታ። ወርዋሪው ፔድሮ ራሞስ ነው፣ ኩባዊ። ያዛት፤ አንድ ሰው ወጣ። ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወራት። እዚያ ያለው ሁሊዮ ቤኬር ነው፣ ኩባዊ። ሁለተኛው ወጣ። ቤኬር ወደ ሁለተኛ ቤዝ ላካት። እዚያ ሆሴ ቫልዲቪዬልሶ አለ፣ እሱም ኩባዊ። ሦስተኛው ወጣ። በአንድ ምት፣ ዓይን ሳይርገበገብ፣ ተራው አለቀ። ሦስት የአንድ አገር ልጆች በሰው አገር ሜዳ ላይ ኳስ ሲቀባበሉ ይታየኛል። በየትኛው ቋንቋ እንደተጠራሩም አያጠያይቅም።

ያ ዓመት ለእነሱ ቀላል አልነበረም። ካስትሮ በ1959 ሥልጣን ይዟል። ከዋሺንግተን ጋር የነበረው ነገር በየወሩ ይበላሻል። እነዚህ ልጆች በየዓመቱ ወቅቱ ሲያልቅ አገራቸው እየተመለሱ ይጫወቱ ነበር። በ1961 የኩባ የክለብ ቤዝቦል ሊግ ተዘጋ። ወይ አገር፣ ወይ ሙያ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቀጽ የአማርኛ አንባቢ ሳይጻፍለት ይጨርሰዋል፤ እኔም አልጽፈውም።

መቺዎቹ ደግሞ ጂም ሌመን 38፣ ሃርመን ኪልብሩ 31 ሆም ራን መቱ። ኪልብሩ የአይዳሆ ገጠር ልጅ ነው፤ ቡድኑ ስለ እሱ የሰማው ከእውነተኛ ሴናተር ከሄርማን ዌልከር ነው፣ የሕዝብ እንደራሴው ስለ ሰፈሩ ልጅ ጉራ ነዝቶ። ቁመቱ መካከለኛ፣ ክንዱ የግንድ። ትሑት ሰው ነበር ይባላል። ከመክፈቻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ ቡድኑ የሕዝብ ፍቅር የነበረውን ሮይ ሲቨርስን ለቺካጎ ሰጥቶ ኧርል ባቲ የሚባል ጥቁር ካቸር፣ አንድ ወጣት ተጫዋችና 150 ሺህ ዶላር ተቀበለ። ደጋፊው ተቆጣ። እየዋለ እያደረ ግን ባቲ ወርቅ ሆኖ ተገኘ። አባባ ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ተለወጠ። እሳቸው ከትምህርት ቤት መልስ በየግድግዳው ላይ ኳስ የሚወረውሩት ኧርል ባቲ ነኝ እያሉ ነው።

ስለ ወርዋሪው ቸክ ስቶብስም ልንገራችሁ፣ ሰውየው አሳዝኖኛል። በ1953 የያንኪሱ ሚኪ ማንትል ከእሱ ላይ የመታት ኳስ ከስታዲየሙ ወጥታ፣ ጎዳና ተሻግራ፣ ሰው ጓሮ ገባች። 565 ጫማ ሄደች ተባለ። ልኩ ያጨቃጭቃል፣ ግን ስቶብስ በሄደበት ሁሉ «ያቺን ኳስ የወረወርካት አንተ ነህ?» ሆነ። በ1957 ስምንት አሸንፎ ሃያ ተሸነፈ። በ1960 ግን ዐሥራ ሁለት አሸንፎ ሰባት ብቻ ተሸነፈ። ስለዚህኛው ማንም አይጠይቀውም።

ድምሩ ይኸው፤ 73 አሸነፉ፣ 81 ተሸነፉ፣ አምስተኛ ወጡ። ከያንኪስ በ24 ጨዋታ ርቀው። አምስተኛ! ስትሰሙት ምን ያስደስታል? ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከታች አፈር የቃመ ሰው አምስተኛ ሲሆን ሰማዩ ነው የሚታየው። ከ1953 ወዲህ እንዲህ ሆነው አያውቁም። ተመልካቹም መጣ፤ በዓመቱ ከ740 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ከቀደመው ዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ይበልጣል። በዚያ ላይ ወጣቶች ናቸው። ፓስኩዋል ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ኪልብሩ ሃያ አራት፣ ባቲ ሃያ አምስት። አባባ እንዳሉት በዚያ በጋ ሰፈሩ ውስጥ አንድ ዓይነት ንግግር ብቻ ነበር፤ «ለከርሞ!»

በነገራችን ላይ እኛ 1960ን የምናስታውሰው በሌላ ነገር ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው መስከረም 10 ቀን ነው፣ ጳጉሜን 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ይህን ለአባባ ስነግራቸው «እሱን አስታውሳለሁ! ጫማ ያልነበረው!» አሉ። ጫማ ነበረው፣ አልተመቸውም ነው እንጂ። ይህን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማስረዳት አልሆነልኝም። ተውኩት።

ጥቅምት 2 ቀን 1960 የወቅቱ መጨረሻ ነበር። ከባልቲሞር ጋር ተጫውተው 2 ለ 1 ተሸነፉ። የገባው ሰው 4,768 ነው። ዘንድሮ ተሻሽለናል፣ ለከርሞ እንገናኝ ብሎ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። የተሰናበተ የለም፤ ስንብት መሆኑን ማን ያውቃል?

ጥቅምት 26 ቀን ዜናው መጣ። ቡድኑ ወደ ሚኒሶታ ሊሄድ ነው።

ሽማግሌው ክላርክ ግሪፍዝ በ1955 ሞተው ቡድኑን የወረሱት ያሳደጓቸው የሚስታቸው ወንድም ልጅ ካልቪን ግሪፍዝ ናቸው። ካልቪን በጥር 1958 የከተማው ጋዜጣ ላይ ራሳቸው ጽፈው ነበር። እኔ ሥልጣን እስካለኝ ድረስ ቡድኑ እዚሁ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ ለዘላለም አሉ። ለዘላለም የቆየው ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። በቤዝቦልም ጌታው አልተቆጣም፤ ቁጭ ብሎ ሒሳብ ነው የሠራው።

ሒሳቡ ከባድ አልነበረም። ግሪፍዝ ስታዲየም ትንሽና ያረጀ ነው፤ መኪና ማቆሚያ የለውም። ሰዉ ደግሞ መኪና ገዝቶ ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ዳርቻዎች እየወጣ ነው። ባልቲሞር በ1954 የራሱን ቡድን አግኝቶ ከጎን የነበረውን ተመልካች ወስዷል። ከተማው ሌላ ትልቅ ስታዲየም በሕዝብ ገንዘብ መሥራት ጀምሯል፤ በኋላ አርኤፍኬ ስንለው የኖርነው፣ ብዙዎቻችን የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ላይ ፀሐይ የመታን ቦታ። እዚያ ከገቡ ካልቪን ተከራይ ሊሆኑ ነው። በራሳቸው ሜዳ ግን ከአሜሪካ እግር ኳሱ ቡድን ኪራይ፣ ከሆት ዶጉም ከቢራውም ትርፍ ያገኛሉ። ሚኒሶታ በበኩሏ አዲስ ስታዲየም፣ ሰፊ ፓርኪንግና የገቢ ዋስትና ይዛ እየጠበቀች ነው። እኔም ነጋዴ ብሆን እጄ ይበላኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ያልተጻፈ መስመር ግን ሒሳቡ ውስጥ ነበር። በ1960 ቆጠራ የዋሺንግተን ነዋሪ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነው። ስታዲየሙም ያለው መሀል ጥቁሮች ሰፈር። ካልቪን ይህን መስመር ራሳቸው በ1978 ጮክ ብለው አነበቡት። ሚኒሶታ ውስጥ ዋሲካ በምትባል ከተማ የላየንስ ክለብ ስብሰባ ላይ ተጋብዘው ሲናገሩ፣ ወደዚህ የመጣነው እናንተ ጋ ያሉት ጥቁሮች 15 ሺህ ብቻ መሆናቸውን ስናውቅ ነው አሉ። ክፍሉ ውስጥ ጋዜጠኛ ነበር። የቡድናቸው ስታዲየም አጠገብ የቆመላቸው ሐውልት በሰኔ 2020 ተነሣ።

አባባ ስለዚህ ንግግር ሲያወሩ አልተናደዱም። የተናደዱት በሌላ ነገር ነው። «መጥፎ ሲሆኑ የኛ ነበሩ» አሉ። ኦቾሎኒውን አስቀመጡ። «ያን ሁሉ ዓመት ስንታገሣቸው የኛ ነበሩ። ትንሽ ሲያምርባቸው ወሰዷቸው።»

እውነታቸውን ነው። ያ ቡድን ሚኒሶታ ትዊንስ ተብሎ በ1965 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ ዎርልድ ሲሪስ በሚባለው የፍጻሜ ፍልሚያ እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ድረስ ሄዶ በዶጀርስ ተሸነፈ። የዓመቱ ኮከብ የተባለው ዞይሎ ቬርሳየስ ነበር። ካምብሪያ ካገኛቸው ኩባውያን አንዱ፤ በ1960 እዚሁ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ገና ልጅ ሆኖ ጥቂት የተጫወተ። የጠበቁትን እሸት ሌላ ሰው በላባቸው። ስታዲየሙ የፈረሰው በዚያው በ1965 ነው።

ለዋሺንግተን ምትክ ተሰጣት። ሊጉ የመሄዱ ዜና በመጣበት ቀን አዲስ ቡድን ፈቀደ፤ ስሙም ያው ሴናተርስ። ከየቡድኑ የተራረፉ ተጫዋቾች ተሰብስበው በ1961 መቶ ጊዜ ተሸነፉ። እነሱም በ1971 መጨረሻ ወደ ቴክሳስ ሄዱ። ከዚያ ከተማዋ እስከ 2005 ያለ ቡድን ኖረች።

ያቺን ሰፈር ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኛት በከፊል እኛም የምናውቀው ታሪክ ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ዩ ስትሪትና አካባቢው ተቃጠለ። ሱቁ ተዘጋ፣ ኪራይ ወደቀ። ኪራይ የወደቀበት ቦታ ላይ ስደተኛ ይመጣል። የእኛ ሰዎች ናይንዝ ስትሪት ላይ ምግብ ቤት፣ ካፌ፣ ሲዲ ቤት ከፈቱ። ክትፎ ስንበላ፣ ማታ ማታ ፖለቲካ ስንጨቃጨቅ ከመሀል ሜዳው አጥር ብዙም አንርቅም ነበር። አሁን ደግሞ ኪራዩ ተነሥቷል፤ የማውቃቸው ባለ ምግብ ቤቶች ጓዛቸውን ይዘው አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ወጥተዋል። እኔም ወጥቻለሁ። ካልቪንን እንደገና ያሰብኳቸው ዕቃ ስጭን ነው፤ «ፓርኪንግ አለው» እያልኩ ለጓደኞቼ አዲሱን ሰፈር ሳሞግስ ራሴን ሰማሁት።

ልጄ ሊነጋጋ ሲል ተወለደች። አባባን ልነግራቸው ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ሥሩ የኦቾሎኒ ቅርፊት ብቻ። ስማቸውን አልጠየቅኩም።

ግን ከዚያ በፊት፣ አማቴ ሊጠሩኝ ትንሽ ሲቀር፣ አንድ ነገር ጠይቄያቸው ነበር። ግሪፍዝ ስታዲየም ላይ የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው መስከረም 21 ቀን 1961 ነው። አዲሱ ሴናተርስ የሚጫወተው ከማን ጋር ይመስላችኋል? ከሚኒሶታ ትዊንስ። ከራሱ ከድሮው ቡድን ጋር። ኪልብሩም ባቲም ሌላ ማሊያ ለብሰው፣ በእንግዳ በር ገብተው። የገባው ተመልካች 1,498 ሰው ነው። አባባ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆነው ከነዚያ አንዱ ነበሩ። ትዊንስ 6 ለ 3 አሸነፉ።

«ታዲያ ለማን አጨበጨቡ?» አልኳቸው።

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አንድ ጊዜ ገለበጡት፣ ሁለተኛ ገለበጡት።

«ባቲ ሲገባ ልቆም ነበር» አሉ። «ከዚያ ልብሱን አየሁት። ቁጭ ብዬ ኦቾሎኒዬን በላሁ።»